ነጩ አፈር

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ዛሬ ረፋድ ላይ የልጄ መርዶ ደረሰኝ። ከአርበኞቹ ጋር ሳለ ቾቄ ላይ ተመትቶ ሞቷል። ግድግዳውን ለፋሲካ ልለቀልቅ ነጭ አፈር በጥብጬ ነበር።

እህቴ፣ «ነጩን ተይው እታለም፤ ለሐዘን ቤት አመድ ይበቃል» አለችኝ። አመዱን መበጥበጥ ስጀምር ጎረቤታችን ባንዳው በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ነጩ ምን በደለዎ? ሰው የሞተብዎ ይመስላሉ» ብሎ ሳቀ።

ልጄ የት እንደ ነበር ካወቀ ጣሊያኖቹ ቤታችንን ከነነፍሳችን ያቃጥሉታል። «አመዱ ለመደቡ ነው፤ ግድግዳውስ ነጭ ነው» አልሁት። እሱ ቆሞ እያየ ግድግዳውን በነጩ ለቀለቅሁት። እስካሁን አላለቀስሁም፤ ድምፄን ይሰማል ብዬ እፈራለሁ።

የልጄን የዓለም ስም እዚህ መጻፍም ፈራሁ። ይህን የምታነቡ፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።