በለቅሶው ላይ ያልኩት አሚን

ውዴ ጀማል፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው። ዛሬ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴን ደግሞ ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁን አልዘጋሁትም። ልጅህ ፈቲያ ትምህርት በማይኖራት ቀን ወንበርህ ላይ ትቀመጣለች፤ በኦሮምኛ ተከራክራ በአማርኛ ትመርቃለች፣ ቁርጥ አንተን። እናትህ ግን መኪና በቆመ ቁጥር አሁንም ወደ በሩ ይዞራሉ።

ያን ቀን የታመመ ጓደኛህን ጠይቀህ ከጎባ ወደ ሮቤ ልትመለስ ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ ሰውየው አይቶህ በመኪናው አሳፈረህ። ስሙን አልጽፍም፤ እዚህ ከእሱ በላይ የሚፈራ ባለሥልጣን የለም። መኪናው ውስጥ ሆነህ ደወልክልኝ። ሹፌሩን ታዬን ከኋላ አስቀምጦ መሪውን ራሱ እንደያዘ፣ በዚያ ዝናብ እንደ ፈረስ እንደሚጋልብ እየሳቅክ ነገርከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ቀስ በል በለው ማለት አቅቶኝ ነው? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሮቤ ሳትደርሱ መኪናው ተገለበጠ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው እጁን በፋሻ አስሮ ለቅሶ መጣ። ዱዓ ሲደረግ መሃል ገብቶ አፉ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ አሚን አለ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ አሚን አልኩ። ለቅሶ ቤት ዱዓ ላይ ዝም የሚል ማን አለ?

በሳምንቱ ታዬ ታሰረ። መኪናውን ሲነዳ የነበረው እሱ ነው ተባለ። ሚስቱ ሕፃን አዝላ ሱቃችን ድረስ መጥታ አለቀሰች፤ አላስቻለኝም፣ በስልክ ያልከኝን ነገርኳት። ጎባ ፍርድ ቤት እንድመሰክር ተጠርቻለሁ። ነገ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጥተዋል። አሚን ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም፣ ነገሩ አልቋል ይሉኛል። ወንድምህም ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ አለኝ፤ ንጉሥማ ከቀረ ስንት ዘመኑ ብዬ ስመልስለት ተቆጣኝ። ትናንት አንድ የማናውቀው ሰው ፈቲያን በስሟ ጠርቶ፣ እናትሽ ጎባ የምትሄደው በስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠይቋታል። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ታርጋ የሌላት ነጭ መኪና ሱቁ ፊት ለፊት መጥታ ቆማለች። ሞተሯ አልጠፋም። የወረደም ሰው የለም።

አፉ ካልኩም የራሴን ሐዘን ነው። በታዬ እስር ላይ አሚን እንድል ማን ሥልጣን ሰጠኝ?

ነገ ጠዋት በዚያው መንገድ እሄዳለሁ። እፈራለሁ ጀማሌ፣ አልዋሽህም። ግን አልረሳህም፤ መሪውን ማን ይዞት እንደነበር በሕይወት እስካለሁ እናገራለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናትህ እሰጣቸዋለሁ። ነገ ካልተመለስኩ፣ ሽማግሌዎቹ ለለቅሶ ሲሰበሰቡ ፈቲያ ከዱዓው በፊት ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች።

ባለቤትህ