ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱ የጨዋታ ዕቃዎች ስለተደረገላቸው ምዝገባ

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሽፈራው
የወጣቶች መዝናኛና ንብረት አያያዝ የሥራ ሂደት ባለቤት
ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ የሰኔ ሙቀት እኛን ተራ ነዋሪዎችን ከጥላ ወደ ጥላ ሲያሳድደን፣ በቢሮዎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ማራገቢያ ሳይሰናከል እንዲሽከረከርልዎ፣ መብራትም በስብሰባ መሐል እንዳይጠፋብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጌታቸው እባላለሁ። በአንድ የመንግሥት እርሻ ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር ከፊትዎ ቆሜ ነበር፤ መልኬን ባያስታውሱ አልቀየምም፣ ያን ቀን ቀና ብለው አላዩኝምና። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈውም በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እንደታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ስለሰማሁ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ ላስረዳ። በከተማችን የወጣቶች ማዕከል ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። የማዕከሉ ቴክኒሽያን የነበረው አቶ ኑዕማን በ1999 ዓ.ም. እነዚህን በገመድ አያያዛቸውና አንድ ጨዋታ ጫነባቸው። ጨዋታው ሥዕል የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነው። ተጫዋቹ «ወደ ቆላ ውረድ» ብሎ ሲጽፍ የደረሰበት ቦታ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ «ቢላዋውን እይ» ብሎ ሲጽፍ ቢላዋው ምን እንደሚመስል ያነባል። ስድስቱም ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ ስለሚመላለሱ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋል። አገሩም ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ቀወት ማሳዎች ድረስ ይኸው የእኛ ይፋት ነበር።

አቶ ኑዕማን ፕሮግራሙን እንጂ ዕቃዎቹን መጻፍ አልሆነለትም። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጣና «ጋሼ ጌታቸው፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከዕቃ ጋር ነው የኖሩት፤ ዕቃዎቹን ይጻፉልኝ» አለኝ። እያንዳንዱ በስንት ቃል ይጻፍ ብዬ ብጠይቀው «ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የዳሰሰው እስኪመስለው ድረስ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ዕቃው ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚመስል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ሥራ ማግኘቴን ስነግራት በዚህ ዕድሜዬ የሚቀጥረኝ ማን እንደሆነ ግራ ገብቷት ነበር።

ሁለት ዓመት ሠራሁ። አጣዬ ገበያ ወርጄ ጊሌ የሚባለውን የአፋሮቹን ጩቤ ከአፎቱ እያስወጣሁ ክብደቱን በእጄ ለካሁ፤ ማሾ ከጆንያ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ፤ ባለ ሱቆቹም ይህ ሽማግሌ አይገዛም፣ አይሄድም እያሉ ሳቁብኝ። በሰማያዊ ደብተር አራት መቶ አሥራ ሁለት ዕቃ ጻፍሁ። ሰዎች ወደዱት። ባጃጅ የሚነዳው ሐሚድ ከምሳ በፊት እየመጣ ስለ ማንጎው የጻፍሁትን አንብቦ ይመለስ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ዘንዶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊገድለው የሞከረ ሰው አልነበረም። ሁሉም ገበያው መሐል ቆሞ ዕቃ ያነባል፣ ያነበበውን ከሌላው ጋር ይለዋወጣል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ስለ ምንሽሩ አመሰግናለሁ። ከጻፍኋቸው ዕቃዎች አንዱ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ ላይ የሦስት ሰዎች ስም በሚስማር እንደተፋቀ፣ የመጨረሻው ስም ሳያልቅ እንደቀረ፣ ጠመንጃውም ከወንዙ ማዶ ከትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ዘይት በጠጣ ጆንያ ተጠቅልሎ እንደሚገኝ ጽፌ ነበር። ይህን ያነበበ ለሕዝብ ደኅንነት የሚቆረቆር ሰው ለቢሮዎ ጠቆመ፤ እኔና አቶ ኑዕማንም ተጠራን። ያን ቀን የተባለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ጠመንጃው የት ነው ያለው?» አሉት እርስዎ ኑዕማንን።

«ጌታዬ፣ ጨዋታው ውስጥ ነው» አለ ኑዕማን።

«ጨዋታውን ተወውና ጠመንጃው የት ነው?»

«ጨዋታውን ከተውነው ጠመንጃ የለም፣ ጌታዬ።»

«ከሌለ የስሞቹን ነገር እንዴት አወቃችሁ?»

ይህን ጊዜ እኔ ጣልቃ ገብቼ ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍሁት አልሁ። እርስዎም ወረቀትዎን እያገላበጡ «ሰው የሌለን ነገር ይህን ያህል አያውቅም» አሉ። በጽሑፍ ሥራ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የደረሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሁለት ሚሊሻዎችና ሦስት የኮሚቴ አባላት ሁለት ቀን ሙሉ የሮቃውን ሥር ቆፈሩ። የተገኘው አንድ እግር በረባሶ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ እኔ አልጻፍሁትም። ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አልተደፈነም። የወይዘሮ አሲያ አህያ ገብታበት እግሯ ተሰብሯል። ደብተሬም ለምርመራ ተወሰደ። የተቀበሉኝ ግን ሕግ በሚያዘው መንገድ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም፤ ደረሰኙ እነሆ በእጄ አለ፦ «ደብተር፣ ያገለገለ፣ ብዛት 1»።

2ኛ. ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ጠመንጃውን ባያገኝም ባዶ እጁን አልተመለሰም። በመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እንደ ማንኛውም ንብረት በዓይነት፣ በተሠራበት ነገር፣ በሁኔታና በብዛት ይመዝገብ፣ ከዚህ የተረፈው ቃል ይሰረዝ ብሎ ወሰነ። ዛሬ አንድ ተጫዋች ወንዙን ልይ ብሎ ቢጽፍ «ወንዝ፣ የውሃ፣ ያገለገለ፣ 1» የሚል መልስ ያገኛል። ጨረቃይቱን ቢያይ «ጨረቃ፣ ክብ፣ ሁኔታዋ ያልተጣራ፣ 1» ይባላል። ዘንዶው ተረካቢ ስላልተገኘለት ተሰርዟል። በዘጠኝ ወር ሪፖርትዎ ላይ የተጫዋቾች የንባብ ጊዜ በዘጠና አራት በመቶ መቀነሱ እንደ ስኬት መቅረቡን አንብቤያለሁ፤ እውነት ነው፣ ተጫዋቾቹም በዚያው ልክ ቀንሰዋል። ሐሚድ አሁን ምሳውን ሌላ ቦታ ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ሠራተኛዎን ሳላነሣ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ስረዛውን እንዲሠራ የታዘዘው አቶ ደሳለኝ ነው። በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ሳላነብ መሰረዝ አቃተኝ» ብሎ በማመኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ታዝዤ ነው እኮ» ይለኛል፤ እኔም ግድ የለህም እለዋለሁ። ማስጠንቀቂያውን ቢያነሡለት ደስ ይለኛል፤ ዳግመኛ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ጥፋቱን አይደግመውም።

3ኛ. ስለ አቶ ኑዕማን። በሥራ ሂደት ለውጡ አዲስ መዋቅር ውስጥ ቦታ ስላልተገኘለት ከመጋቢት ጀምሮ ተሰናብቷል። አጣዬ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሞባይል ይጠግናል። ስለ ጨዋታው አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም። ሥራው እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ጋሼ። ሰዉ ተበላሽቷል ይለኛል፤ ከዚያ በላይ የሚያስረዳኝ የለም» አለኝ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ተሰናብቼው አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

የሚከተለውን ጉዳይ ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ፈሪሃ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። እናቷ ወይዘሮ ራሕማ ሁለት ዓመት ታምመው በ1998 ዓ.ም. አረፉ። በሕመማቸው ጊዜ የቤቱ ዕቃ ጥቂት በጥቂት ተሸጠ፤ በመጨረሻ የእናትየው ሳጥን ወጣ። የገዛው መንገደኛ ነጋዴ ስለነበር ወዴት እንደወሰደው የሚያውቅ የለም። ይህች ልጅ አንድ ቀን ማዕከሉ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ፎቶ እንኳን የለንም። እርስዎ የሌለውን ነገር ያመጣሉ ይላሉ፤ የእናቴን ሳጥን ይጻፉልኝ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያት ተቀመጥሁ። እርሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሳጥኑ ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ ማዕዘኖቹ በዘይት ቆርቆሮ ተለብጠዋል። ማጠፊያው ሲከፈት ሁለት ጊዜ ይጮኻል፣ ሲዘጋ ግን ዝም ይላል። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ልጆቹ የተወለዱበት ቀን በዐረብኛ ፊደል በእርሳስ ተጽፏል፤ የአንደኛው በጣት ታብሷል፣ ያ ልጅ አላደገም። ሽታው ቅርንፉድና የልብስ ሳሙና ነው። እዚህ ስትደርስ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም የተናገረችውን ጻፍሁት። አቶ ኑዕማን ሳጥኑን ቀወት ውስጥ አንዲት ጎጆ ውስጥ አኖረውና ማንም ሊያነሣው እንዳይችል አደረገው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ቦታ ይለቁላታል። «ሳጥኑን እይ» ብላ ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ ሻርፗን አስተካክላ ትሄዳለች። ሌላ ነገር ተጫውታ አታውቅም። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ መጣች።

በየካቲት አንድ ሐሙስ ከጎኗ ነበርሁ። «ሳጥኑን እይ» ብላ ጻፈች። «ሳጥን፣ የእንጨት፣ አሮጌ፣ 1» የሚል መጣ። የተሳሳተች መስሏት ደግማ ጻፈች፣ ሠለሰችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ።

ደብተሩ በእጅዎ ስለሆነ ከአእምሮዬ ልጽፈው ሞከርሁ። ቆርቆሮውን አስገባሁ፣ ማጠፊያውን አስገባሁ፣ ቅርንፉዱንም አልረሳሁም። ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ሁሉም አለ፣ ጋሼ። ግን የእናቴ አይደለም፤ የሆነ ሰው ሳጥን ነው» አለች። ያን ቀን እያለቀሰች የተናገረችው ምን እንደነበር እኔም አላስታወስሁ፣ እርሷም አላስታወሰች። አራት ጊዜ ጻፍሁ። በአራተኛው እጄን ያዘችና «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት። አሁን ሳጥኑን ላስበው ስል የሚመጣብኝ እርስዎ የጻፉት ነው፤ እውነተኛው እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ዕቃ ጠፍቶብኝ ያውቃል፤ ለእያንዳንዱም መልስ ሰጥቻለሁ። ለዚህኛው ግን መልስ የለኝም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጨዋታው ይመለስልኝ አልልም፤ የሚጫወተው ሰው ተበትኗል። ጉድጓዱም ይቆይ፣ ለምደነዋል። ከደብተሬ መቶ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ብቻ ተገንጥሎ ይሰጠኝ። ለዚህ ጉዳይ ቢሮዎ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ፋይሉ ወደ ዞን ሄዷል ተባልሁ፤ ዞን ሄጄ ወረዳ ነው አሉኝ፤ ወረዳው ደግሞ የያዘው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው አለኝ። ባለሙያው ከዚህ ሁሉ ሥልጠና በኋላ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚመለስ ለማየት እጓጓለሁ። ደብተሩን ያነበበው ሰው ካለም በውስጡ ለመንግሥት የሚያሰጋ ነገር እንዳላገኘ፣ ወይም ጨርሶ እንዳልገለጠው ይንገረኝ። ሁለቱም መልስ ነው፤ የትኛው እንደሚከፋ ግን አላውቅም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ በቃላት ብዛት ስላደከምሁዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ሪፖርትዎ እንዲያምር፣ በሚመጣው ግምገማም ከሁሉ በላይ እንዲመሰገኑ እየተመኘሁ፣ በንብረት አያያዝ ትጋትዎ ሁልጊዜ የምደነቅ፣

ታዛዥዎ
ጌታቸው
የቀድሞ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ

ግልባጭ፦
ለወጣቶች ማዕከል፣ ኮምፒውተሮቹ ለሚገኙበት ባዶ ክፍል
ለአቶ ኑዕማን፣ አጣዬ፤ ባያነበውም እንዲደርሰው

ጭማሪ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ ከአምስት ቀን በኋላ ፈሪሃ የልብስ ስፌት መኪናዋን ለእህቷ ትታ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። አውቶቡስ መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኋት። ስለ ገጹ ተስፋ ልሰጣት ብሞክር «እስከዚያ የቢሮ ሰዎቹ እኔንም ይረሱኛል» አለችኝና ገባች። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎን አይቸኩሉ። ገጹን የሚቀበል ሰው ከእንግዲህ ስለሌለ፣ ቢሮዎ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ዘገየ ተብሎ አይወቀስም።