የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት ግድግዳዋን አፍርሳ ሄደች።

ሰፈራችን ሊፈርስ ስለሆነ ምትክ አዲስ ቤት ደርሷታል። ቁልፉን የሚሰጧት ግን የድሮውን አፍርሳ ቦታውን ባዶ አድርጋ ስታስረክብ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ መጥታ በራችን ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። "እህቴ፣ ምን ይሻለኛል?" አለችኝ። አባትሽ ከአልጋው ሆኖ፣ "ግድግዳው ያንቺ ነው፤ አፍርሺው። ብቻ እኔን ከእንጨቱ ጋር አብረሽ እንዳትጭኚኝ" አላት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

እንደምታውቂው አንቺ ሳትወለጂ ይህን ክፍል ስንሠራ እንጨትና ጭቃ ለመቆጠብ ሦስት ግድግዳ ብቻ አቁመን በአራተኛው በኩል እሷ ላይ ተለጠፍን። ከኛ ወዲያ ያለው አናጢም እኛ ላይ ተለጠፈ። ሰፈሩ ሁሉ የተሠራው እንዲሁ ስለሆነ ማንም ነውር አላለውም።

ሁለት የቀን ሠራተኞች መጥተው መናድ ሲጀምሩ አናጢው ጣሪያችንን በቋሚ እንጨት ደገፈው። የአባትሽን አልጋ እሱ እንደተኛበት ጎትተን ወደ በሩ አስጠጋነው። ግድግዳው ሲወድቅ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ መላጤን አልተውኩም። ለምን ብድግ እንዳላልኩ አላውቅም። አቧራው ሲበርድ ብርሃን ገባ፤ ጣሪያችን ይህን ያህል ጥላሸት መጥገቡን ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

አሁን አባትሽ መንገድ ላይ ተኝቷል ማለት ይቻላል። አላፊ አግዳሚው "እንዴት ዋሉ አባባ?" ይለዋል፤ እሱም ለሁሉም ይመልሳል። ሸክም ጀርባውን ከሰበረው ወዲህ እንደዛሬ ከሰው ጋር አውርቶ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ለምትኩ ቤቶችን የሚለካው ሰውዬ ከማዘጋጃ ቤት መጣ። ሜትሩን በሦስቱ ግድግዳዎች ዘርግቶ ሲያበቃ ቆመ።

"እናቴ፣ አራተኛው የታለ?"

"እሱማ ቤት ደርሶት ሄደ" አለው አባትሽ።

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። "አባባ፣ አራት ግድግዳ የሌለው በቤት አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ደግሞ ይፈርሳል እንጂ ምትክ አያገኝም።"

"ታዲያ እናቆመዋለና!" አልኩት።

"ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ መገንባት ክልክል ነው። ብታቆሙት የማስፈርሰው እኔው ነኝ።"

ክፉ ሰው አይደለም። መምጣት የነበረበት ትናንት እንደነበር፣ መኪና አጥቶ እንደቀረ ራሱ ነገረን። ትናንት ቢለካን ኖሮ አራት ነበርን። ለኃላፊው አስረድቶ እንደሚጠይቅልን ነግሮን ወጣ። አናጢው እሱን ተከትሎ ትንሽ ከሄደ በኋላ ተመለሰና፣ "ጋሼ፣ እናንተ ከፈረሳችሁ እኮ እኔም ባለ ሦስት ነኝ" አለ። አባትሽ፣ "እንግዲያው አልጋህን በጊዜ ወደ በሩ አስጠጋ" አለው። ሁለቱም አልሳቁም።

በክፍቱ በኩል ብርድ ልብስሽን ሰቅየዋለሁ። የተረፈው ሽንኩርት ለነገ ይሆናል።

ለእረፍትሽ እመጣለሁ ያልሽውን ተይው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አሠሪዎችሽም ቅር ይላቸዋል። ሰሞኑን እዚህ አቧራ ነው፤ አቧራ ደግሞ ለደረትሽ አይስማማሽም። እኛ ደህና ነን። መምጣትሽን ጠልቼ እንዳይመስልሽ።

የምትተኚበት ቤት ጣሪያ አያፍስስብሽ። የምትሠሪላቸው ሰዎች ልብ ይራራልሽ። የሚሰውርሽ አትጪ።

እናትሽ

ኃላፊው የሚለውን የምንሰማው ሰኞ ጠዋት ነው።