ሳላስፈቅድ የጠራሁት ዋስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን መጥተው ነበር። እኔም ከአካውንቲንግ ተመራቂዎች ጋር ተሰልፌ፣ ቃሊቲ ካለ የቆርቆሮ ፋብሪካ የመጣች ሴትዮ ፊት ደረስኩ። የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩ። በመጨረሻ፣ "ቦታው ገንዘብ ያዥነት ስለሆነ ዋስ ያስፈልጋል። ደመወዝ ያለው ዘመድ አለሽ?" አለችኝ።

እናቴ ጉልት ላይ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው። የለኝም ብል ከኋላዬ ያለው ልጅ ሊገባ ነው። "አጎቴ አለ" አልኩና የጎረቤታችንን የጋሽ ታደሰን ስምና ስልክ ሰጠኋት። ምን ነካኝ? ጋሽ ታደሰ እኮ ለሌላ የሰፈራችን ልጅ ዋስ ሆነው፣ ልጁ የመሥሪያ ቤቱን ብር ይዞ ጠፍቶ፣ እስከ ዛሬ ደመወዛቸው ይቆረጣል።

አቃቂ ከታክሲ ወርጄ ሰፈር እስክደርስ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳወጣ ሳወርድ ነበር። በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"አንዲት ሴትዮ ደውላ፣ አጎቷ ነዎት ወይ አለችኝ።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ..."

"ነኝ አልኳት።" አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ብቻ አደራ ልጄ። ሁለተኛ አልችልም።"

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከኋላቸው ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። እንደምን አመሹ አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ።

ነገ ጠዋት ውሃ የምቀዳው ከእነሱ ቧንቧ ነው።