መርዶን ስለቀደመው መግለጫችንና ስለ ወይዘሮ አየሁሽ መንግስቴ ዕረፍት

በሥራ ላይ ሳሉ የተሰዉ ፖሊሶች ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር
ቢቸና፣ አርብ ሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ማኅበራችን መሥራቹንና ለአሥራ አራት ዓመታት የሐዘን ቤት ተጠሪ ሆነው ያገለገሉትን ወይዘሮ አየሁሽ መንግስቴን ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በሞት ማጣቱን ለአባላቱ፣ በቢቸናና በሞጣ ለሚገኙ የፖሊስ ባልደረቦችና ለአካባቢው ሕዝብ የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ግን ብቻውን አልመጣም፤ ጸጸት አብሮት አለ። ይህ ሁለተኛው መግለጫችን ነው። የመጀመሪያውን ያወጣነው ባረፉበት ዕለት አመሻሽ ላይ ነበር፤ ባናወጣው ይሻል ነበር። ምክንያቱን ሳንሸፋፍን ከዚህ በታች እንናገራለን።

ወይዘሮ አየሁሽ በ1962 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በልብስ ስፌት ሙያ ይተዳደሩ ነበር። የከተማው ፖሊሶች የደንብ ልብሳቸው ሲጠብባቸው ወይም ሲተረተርባቸው ወደ እርሳቸው ይሄዱ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከኮንስታብል ሰማው ባንተአምላክ ጋር ትዳር መሥርተው ወይዘሮ ዘሪቱ ሰማውን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ኮንስታብል ሰማው በወንዝ ሙላት የተያዙ ገበያተኞችን ሲያሻግሩ ሕይወታቸው አለፈ። ለቤተሰቡ ማን ይንገር በሚለው ላይ ኃላፊነት የወሰደ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላው የነገራቸው መስሎት ዝም አለ። ወይዘሮ አየሁሽ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሲገዙ አንዲት የሚያውቋት ሴት፣ የሰሙ መስሏት፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻቸው። ስለዚያ ቀን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቃላቸውም በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «ባሌ የሞተው ሐሙስ ነው። ለእኔ የሞተው ግን ቅዳሜ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሽንኩርቴን እንደያዝሁ።»

በ2000 ዓ.ም. ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን በሥራ ላይ ካጡ አምስት ሴቶች ጋር ሆነው ይህን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበር ሲቋቋም መጀመሪያ የሚያጨቃጭቀው ማኅተምና ሊቀ መንበርነት ነው። ወይዘሮ አየሁሽ ግን መጀመሪያ ያጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የፖሊስ ቤተሰብ መርዶ በሰው እግር እንጂ በስልክ አይሄድም የሚል። ማኅተሙን ያስቀረጽነው ከዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በደጀንና በአምበር በድምሩ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች መርዶ አድርሰዋል። አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ ሲሞት መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቤተሰቡ ሳይሆን ነገሩ ወደ ደረሰበት ቦታ ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት አጠገቡ የነበረውን ሰው፣ ባልደረባም ይሁን መንገደኛ፣ ፈልገው አግኝተው ቁጭ ብለው ይጠይቁታል። ምን አለ? ውኃ ጠየቀ? ዓይኑን ማን ከደነለት? ይህን ሳይዙ የማንንም ደጃፍ አይረግጡም ነበር። ቀጥሎ የቅርብ ዘመድና የንስሐ አባት፣ ሟቹ ሙስሊም ከሆነም የመስጊዱን ኢማም ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ። ሕፃናት ወደ ጎረቤት ይወሰዳሉ፣ የተጣደ ካለ ከእሳት ይወርዳል፣ ልቡ ጠንከር ያለ ዘመድ ከባለ ሐዘኗ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ ሳያንዛዙ፣ የሟቹን ስም ጠርተው፣ የሆነውን እንደሆነ ይናገራሉ። «ሐዘን ከነታሪኩ ሲሰጡት ነው ሰው የሚሸከመው» ይሉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የአምበር ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጃቸውን ባጡ ጊዜ ወይዘሮ አየሁሽ እስከ አርባው ድረስ ከአጠገባቸው አልራቁም። ከአርባውም በኋላ ለጡረታ የሚያስፈልገውን ሰነድ ይዘው ከቢሮ ቢሮ አብረዋቸው ተንከራትተዋል። ወይዘሮ ይርጋነሽ ለዚህ መግለጫ የሰጡት ቃል አጭር ነው፦ «ድንኳን ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ የምትመጣ ያን ጊዜ ነበር።»

በ2011 ዓ.ም. ማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ይከፈትለት በተባለ ጊዜ ወይዘሮ አየሁሽ ለረጅም ሰዓት ተቃወሙ። አንዳንዶቻችን ዘመን ያመጣውን መጥላት አድርገን ተረጎምነው፤ ፈገግ ያልንም ነበርን። በመጨረሻ «ይከፈት፤ ግን ከእግሬ እንዳይቀድም» ብለው ፈረሙ። ገጹ ለሦስት ዓመታት ያለ ነቀፋ ሠርቷል።

ረቡዕ ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባው ምክትል ሳጅን ስጦታው ያለው ከደጀን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቁልቁለት ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ዝናብ ይጥል ነበር። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ስለዘጋው፣ ምክትል ሳጅኑ ወደ ላይ ወጥተው ቁልቁል የሚመጡትን መኪኖች በማስቆም ላይ ሳሉ ፍሬን የከዳው አይሱዙ ገጫቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት ዓመት ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳባ ፋንታ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ሞጣ ይኖራሉ።

ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን ወይዘሮ አየሁሽ እንደ ልማዳቸው በማለዳ ደጀን ሄደው የሚፈልጉትን ሰው አነጋግረው ተመለሱ። መርዶው አርብ ጎህ ሲቀድ እንዲነገር፣ አስከሬኑም ከዚያ በኋላ እንዲደርስ ከምክትል ሳጅኑ ዘመዶች ጋር ተስማሙ። ደም ግፊት ነበረባቸው። ልጃቸው ፊታቸውን አይታ ሌላ ሰው ይሂድ ብትላቸው «ነገ ከሰዓት እተኛለሁ» ብለው ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሞጣ ሳይደርሱ መኪናው ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ፤ ወደ ሕክምና ቢወሰዱም አልተረፉም።

ለወይዘሮ ዘሪቱ የእናታቸውን መርዶ በደንቡ መሠረት አድርሰናል። ቄስ ገብረ ማርያምና ሁለት የቅርብ ዘመዶች ሄደው ነገሯቸው። ይህን ስንፈጽም ግዴታችንን የተወጣን መሰለን። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ኃይለ ሚካኤል ወልደ ኪዳን የሐዘን መግለጫ አረቀቁ፤ ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በገጻችን ወጣ። በመግለጫው ውስጥ የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ «ወይዘሮ አየሁሽ ያረፉት እንደ ወትሮው በአገልግሎት ላይ ሆነው፣ የምክትል ሳጅን ስጦታው ያለውን መርዶ ለባለቤታቸው ለማድረስ ወደ ሞጣ በመጓዝ ላይ ሳሉ ነው።» ከመውጣቱ በፊት አምስት ሰዎች አንብበነዋል። ጥሩ ተጽፏል አልን።

መግለጫውን አንድ ዘመድ ወደ ወይዘሮ ሳባ ስልክ ላከው። ስልኩ በታላቋ ልጃቸው እጅ ነበር፤ የአባቷን ስም ስታይ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ይህን መጻፍ ከብዶናል፤ አለመጻፉ ግን ሁለተኛ በደል ነው። ጽሑፉን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ብናነሣውም ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና የጠቀመው ነገር የለም። በወይዘሮ አየሁሽ ስም ባወጣነው ወረቀት፣ ወይዘሮ አየሁሽ በማንም ላይ እንዳይደርስ ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ነገር በአንዲት እናትና በልጆቿ ላይ አደረስን። አቶ ኃይለ ሚካኤል በማግስቱ መልቀቂያ አስገብተዋል። ሥራ አስፈጻሚው አልተቀበለውም፤ አምስታችንም አንብበን አምስታችንም አላየነውምና።

ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን፣ ባለቤታቸውን በቀበሩ በአራተኛው ቀን፣ ወይዘሮ ሳባ ቢቸና ወደ ወይዘሮ አየሁሽ ልቅሶ ቤት መጡ። ሐዘኑ ያልወጣለት ሰው የራሱን ቤት ትቶ ሌላ ልቅሶ እንደማይደርስ የታወቀ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበርን የሥራ አስፈጻሚ አባላት ሊወቅሱን የመጡ መስሎን ተነሥተን ቆምን። ወደ እኛ አላዩም። ከወይዘሮ ዘሪቱ ጋር ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ ነው ዘወር ብለው የጠየቁን፦ «እታለም አየሁሽ ምን ብለው ሊነግሩኝ ነበር የመጡት? እሱን ንገሩኝ።»

ምን እንደነበር አላወቅንም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠይቁት እርሳቸው፣ የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ፤ እኛ ደጅ ቆመን ስንጠብቅ ኖረናል። አንድም ቀን «ያገኙትን ንገሩን፣ እኛም እንያዘው» አላልናቸውም። በመግለጫው ካጠፋነው ጥፋት ይልቅ ያ አለመጠየቃችን አሳፍሮናል። ያዳነን ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው፦ «እናቴ ደጀን ያነጋገረቻት ሴት ድንች ቀቅላ ለሾፌሮች ትሸጣለች። ከዚያ ወዲያ የነገረችኝ የለም» አሉ።

ሐሙስ ሰኔ 16 ቀን ሁለት አባላት ደጀን ሄደው ሴትዮዋን አገኟቸው፤ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ቃላቸውን ተቀብለን እናድርስ ብንል አሻፈረኝ አሉ። «አንድ ጊዜ ለሰው ሰጥቼ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ቀሩብኝ። አሁን ለማንም አልሰጥም፤ ለሚስቱ እኔው ራሴ እነግራለሁ» ብለው በማግስቱ ድንች ሳይቀቅሉ አብረውን ሞጣ ሄዱ። ወይዘሮ ሳባ ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት ልከው ተቀበሏቸው። የተነገረው ቃል በወይዘሮ ሳባ ፈቃድ እንደሚከተለው ቀርቧል፦

«ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርድ ነበር፤ ነጠላየን አለበስሁት። አላቃሰተም። ‹መኪኖቹ ቆሙ?› አለኝ። ‹ቆመዋል ወንድሜ፣ ሁሉም ቆመዋል› አልሁት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሳባ ለረጅም ጊዜ ካለቀሱ በኋላ እውነት ቆመው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴም ሊዋሿቸው አልፈለጉም፦ «እኔ እሱን ነበር የማይ። ዞሬም መንገዱን አላየሁ። እንዲያርፍ ብየ ነው ያልሁት።» ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሳባ ወደ ማኅበሩ አባላት ዘወር አሉ። «እናንተ መጻፍ ታውቃላችሁ» አሉ። «እሱን አጣሩና ጻፉልኝ።»

ይህ መግለጫ እስከ ዛሬ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። የተጻፈውም ለገጻችን ሳይሆን ለእርሳቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት አባላት ሞጣ ሄደው አንብበውላቸዋል፤ ለሕዝብ የወጣው እርሳቸው ይውጣ ካሉ በኋላ ነው። ከዛሬ ጀምሮም የማንኛውም ሟች ስም በማኅበሩ ጽሑፍ ላይ የሚሰፍረው፣ ስማቸው በጽሑፉ የተጠቀሰ ቤተሰቦች ሁሉ በሰው አፍ ከተነገራቸው በኋላ ብቻ እንዲሆን ሥራ አስፈጻሚው ወስኗል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ዘሪቱ ሰማው፣ ለወይዘሮ አየሁሽ ቤተ ዘመዶችና እርሳቸው ደጃቸውን ረግጠው ላጽናኗቸው አሥራ ዘጠኝ ቤተሰቦች መጽናናትን ይመኛል። ለወይዘሮ ሳባ ፋንታ፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለምክትል ሳጅን ስጦታው ወላጆችና የሥራ ባልደረቦች የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ይቅርታ ስንጠይቅ ይቅርታው ይገባናል ብለን አይደለም። እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ በአጸደ ገነት ያሳርፍልን።

ወይዘሮ ሳባ ላቀረቡት ጥያቄ የማኅበሩ መልስ የሚከተለው ነው። የአደጋውን መዝገብ ተመልክተናል። በሰዓቱ በቦታው የነበሩ አራት ሾፌሮችንና አንድ የአውቶቡስ ረዳት አንድ በአንድ ጠይቀናል። ምክትል ሳጅን ስጦታው ከመገጨታቸው በፊት ሃምሳ ሁለት ሰዎች የጫነ አውቶቡስ እጃቸውን አንሥተው አስቁመዋል። አይሱዙው እርሳቸውን ገጭቶ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር ተላትሞ ቆሟል። ከአውቶቡሱ ኋላ ይመጡ የነበሩት አሥራ አንድ መኪኖች፣ የቆመውን አውቶቡስ እያዩ፣ በየተራ ቆመዋል። ከተገለበጠው መኪና ሲሚንቶ ያወርዱ ከነበሩት ሰዎችም ሆነ ከመንገደኞቹ መካከል አንድም ሰው አልተጎዳም። ወይዘሮ ሳባ፣ ባለቤትዎ ያንን በጠየቁባት ሰዓት መኪኖቹ ሁሉም ቆመው ነበር።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ