ባሕረኛው ይፈለጋል

ማክሰኞ

ስሜን ያውቃሉ። ከገበያ ስመለስ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ጋሼ ሞላ፣ ባሕር ኃይል መድፈኛ ነበሩ አሉ" አለኝ ረጅሙ። ነበርኩ፤ ምጽዋ፣ ድሮ፣ በወጣትነቴ፤ አልኩት። የተበላሸ ከባድ መሣሪያ አላቸው። "ዓርብ መጥተን እንወስድዎታለን፤ ያዩልናል።" ልመና አልነበረም። ባለቤቴ ዘርፌ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እህል አልቀመስንም።

ረቡዕ

ከተራራው ማዶ ተኩስ። ስልክ የለም። ፍላቂት ያለችው ልጃችን እንዴት እንደሆነች አናውቅም።

ከእነሱ ጋር ብሄድ ሌላው ወገን ሲመጣ አይምረኝም። እምቢ ብል እነዚህ አሉ። ብሸሽ የዘርፌ ጉልበት ዳገት አይችልም።

"ገነተ ማርያም ወንድሜ ዘንድ ሂድ። እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል?" አለች። መሄድ አምሮኛል። ይህን ለማንም አልናገርም።

ሐሙስ

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መርከባችን የተመታች ቀን የሆነውን ነገርኳቸው። መድፉን ጥይት የሚያጎርስልኝ ጓደኛዬ ካሣ እግሩን ብረት ተጭኖት "ሞላ! ሞላ!" እያለ ጠራኝ። እሳቱ መጣ። ባሕር ውስጥ ዘለልኩ። ለእናቱ "አልሰማሁትም" ብዬ ነበር። ሰምቼዋለሁ።

"አሁን የምትፈራው ሞትን ነው?" አሉኝ አባ።

"አይደለም አባ። ዛሬም ዘርፌን ትቼ እንዳልሄድ ነው።"

"እንግዲያው አትሂድ፣ ልጄ" አሉ።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ረጅሙ ብቻውን መጣ። አልሄድም አልኩት፤ መሣሪያ አልነካም፣ ሰው የሚገድል ነገር አልጠግንም። መቃኑን ይዤ ነበር። ዘርፌ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። "ነገ አለቃችን ራሱ ይመጣል። ለእሱ ይንገሩት" ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስለ ካሣ ለዘርፌ ነገርኳት።

"በእንቅልፍህ ስትጠራው ስሰማ ስንት ዓመቴ!" አለች። "አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ ከባድ ተኩስ ተጀመረ። አለቃ የተባለው አልመጣም። ጎረቤታችን እማሆይ በላይነሽ አጥሩን ተሻግረው፣ "እነዚያ ወጥተዋል፤ ሌሎቹ እየገቡ ነው። ማን ከማን ጋር አወራ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በቅሎዬን ውሰዱና ውጡ" አሉን። እርስዎስ ብላቸው፣ "እኔን ማን ይፈልገኛል!" ብለው ተቆጡኝ።

ዘርፌ በበቅሎ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ። ማንም አላስቆመንም።

ይህን የምጽፈው ገነተ ማርያም፣ ከወንድሟ ቤት ነው። ጉልበቷን በቅቤ አሽቼላት አሁን ተኛች። ቤታችን ይትረፍ አይትረፍ፣ ልጃችንም እንዴት እንደሆነች አላውቅም። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ፤ በሩን አይቼ ተመልሼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።