ደርቋል ያልኩት ተክልሽ

ውድ ባለቤቴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ ሰባት ወር ከሃያ ሁለት ቀን ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማይመጣለትን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅምና። ስለዚህ የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

በጓሮ በኩል የሚያፈሰው የጣሪያ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ሁለቱ ብቻ ናቸው የተቀየሩት፣ የቀሩት ደህና ናቸው። ልብሶችሽን ልጃችን ምሥራቅ አርባሽ ሲወጣ ለችግረኞች አከፋፈለች፤ ሰማያዊውን ሹራብ ግን ደብቄ አስቀርቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን እሷ ቤት ገብቼ እንድኖር በየሳምንቱ ትለምነኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ ብርዱን አልችለውም እላታለሁ። እውነተኛው ምክንያት ብርዱ አይደለም። ጓዳ ያለው የመስታወት ሳጥንሽ ነው።

አንድ ቀን ምሥራቅ ወይም ሌላ ሰው ይህን ደብዳቤ ሊያነበው ይችላልና፣ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ። የምታውቂውን ስደግምብሽ ታገሺኝ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ተክል የትውልድ አገሩ ሩቅ ምሥራቅ፣ ደመና የማይለያቸው ተራሮች ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ከጫፉ ቀጭን ጅማት ያወጣል፤ ጅማቱም ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ያንጠለጥላል። አንቺ ጮጮ ነበር የምትያት፤ እውነትም የወተት ጮጮ ትመስላለች። ውስጧ ውሃ ታቁራለች፤ ዝንብና ጉንዳን ጠርዟ ላይ እያዳለጣቸው ይገባሉ፤ ተክሉም ይመገባቸዋል። ቀን ለዘብ ያለ ሙቀት፣ ማታ ብርድ፣ ሁልጊዜም እርጥብ አየር ይፈልጋል። የቆላዋ የሸዋ ሮቢታችን አየር ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ተክሉ ቤታችን በገባ ቀን ወረቀት አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቁልቁል በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይጨምራል እያልኩ አስልቼ፣ ከአንድ ወር በላይ እንደማይቆይ በጽሑፍ ሰጠሁሽ። እስከ መጨረሻው አነበብሽው፤ ከዚያ ለአራት አጥፈሽ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ከተትሽው። ተክሉ ስድስት ዓመት ኖረ። ጠረጴዛውም ከዚያ ወዲህ ተወዛውዞ አያውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ። ይህን የምጽፍልሽ ናፍቆት ብቻ አስነስቶኝ አይደለም፤ ቅናትም ነው፤ በሕይወት ሳለሽ ደፍሬ ያልነገርኩሽ ቅናት።

ተክሉን የሰጠሽ ተፈራ ነው። ተፈራ ደብረ ሲና የጎረቤታችሁ ልጅ ነበር፤ አብራችሁ ውሃ ቀድታችኋል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተምራችኋል። አበባ በሚመረትበት እርሻ ብዙ ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የሰጠውን አራት ችግኝ ይዞ መጣ። ሦስቱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ለአንቺ ላከ። ለምን ለአንቺ? ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ጠየቅሁ፣ ራሴን ብቻ።

ችግኙ በደረሰሽ ማግስት ደውሎ «ሃይላንድ ነው፣ እንዳትረሺ፣ ሃይላንድ ነው» አለሽ። የደጋ ዝርያ ነው ማለቱ ነበር፤ በፈረንጅ አፍ ሃይላንድ ደጋ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሃይላንድ የውሃ ፕላስቲክ ነው። አንቺም ታዛዥ ሆነሽ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ለሁለት ቆረጥሽ፤ በታችኛው ግማሽ ተከልሽው፣ የላይኛውን መልሰሽ ደፋሽበት። እርጥበቱ ታፍኖ ቀረና ተክሉ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቅጠል አወጣ። ተፈራ ነገሩን ሲሰማ በስልክ ሁለታችሁም ትን እስኪላችሁ ሳቃችሁ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ፈተና አርም ነበር። የአንድ ተማሪ ትክክለኛ መልስ ላይ የኤክስ ምልክት አደረግሁ። በሥራ ዘመኔ ይህን የሠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደግሞ አነጋገርሽ። እኔን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «መምህር» እያልሽ በአንቱታ ጠራሽኝ። የእናትሽ ወግ ነው፣ ክብር ነው፣ ይገባኛል። ተፈራን ግን አብሮ አደግሽ ነውና አንተ ትይው ነበር። ይባስ ብሎ ተክሉንም። ጓዳ ገብተሽ «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል? ጠማህ እንዴ?» ስትይው እሰማለሁ። እኔ ሲጠማኝ «ውሃ ላምጣልዎ?» ነው የምባለው። አንድ ቀን እባክሽ አንተ በይኝ ብዬ ለመንኩሽ። ሞከርሽ። ምሳ አቀረብሽና «እንካ አንተ፣ ይብሉ» አልሽኝ፤ ወዲያው ሳቅ አሸነፈሽና ወደ ጓዳ ሮጥሽ። ከውስጥ የሰማሁት «አየህ አንተ፣ መምህር ቀኑብህ» የሚል ነው። ለቅጠል ነገርሽው!

ሃይላንዱ ሲጠበው ከአሮጌ የሱቅ መስታወት ሳጥን አሠራሽለት። ደጋ ዛፎች ላይ እንደ ጢም በሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበትና በከሰል ስባሪ ተከልሽው። የቧንቧው ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው፣ ለእሱ የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ በጀሪካን ታጠራቅሚለት ነበር። ሲመሽ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሆኑ ሁለት ሃይላንዶች በግራና በቀኙ ታስቀምጪለታለሽ። እኔ በግንቦት ሙቀት ስገላበጥ ሳድር እሱ ደጋ ያድራል። ቴርሞሜትር ገዝቼ ሰጠሁሽ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነበብሽውም። እጅሽን ሳጥኑ ውስጥ ከተሽ «ደህና ነው» ትያለሽ፤ እኔ ተከትዬ ስለካ ደህና ሆኖ ይገኛል። ይህም ያስቀናኝ ነበር።

ስትለይኝ ተክሉ ዘጠኝ ጮጮ ነበረው። ደብተር ከፈትኩለት። ውሃው የዝናብ ውሃ፣ በረዶው በሰዓቱ፣ ብርሃኑ እንደነበረው። በቀን ስድስት ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ ሙቀቱን ለካሁ። መስታወቱ በላብ ሲጨፍን እንደ ጥሩ መስኮት ወለወልኩት። ፍሪጃችን የተበላሸ ሰሞን እንኳ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በረዶውን እሷ ቤት አስቀምጣልኛለች። «ወላሂ መምህር፣ ለቅጠል በረዶ የሚያቀርብ ሰው እርስዎን ብቻ አየሁ፤ እኛም እኮ ሙቀት ላይ ነን!» ትለኛለች እየሳቀች።

ዘጠኙም ጮጮዎች ተራ በተራ ደረቁ። አዲስ ቅጠል ይወጣል፣ ጅማቱ ይረዝማል፣ ጫፉ ግን ጠቁሮ ይቀራል። አምስት ወር ሙሉ አንዲት ጮጮ አልሰጠኝም። እጅሽን ብቻ ከተሽ የምታገኚውን እኔ በደብተር፣ በሰዓትና በቴርሞሜትር አጣሁት። እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱን እንደማያልፍ ገባኝ። መላውን የሚያውቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ተፈራ።

ከፋሲካ በኋላ ሦስት ፓፓያ ይዤ በሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ። ልጠይቀው ቆርጬ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት። ቤቱ ስገባ በዓይኔ የፈለግሁት የእሱን ሦስት ተክሎች ነው። ባዶ ጣሳዎች ብቻ ነበሩ። ሁለቱን ውርጭ፣ አንዱን ያ የማያቋርጥ ጭጋግ ከነሥሩ አበስብሶ ገደላቸው። የደጋው ሰው የደጋውን ተክል ማኖር አልቻለም፤ በሕይወት ያለው የቆላው ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ከዚያ ፓፓያውን ተቀበለኝና እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ያ ተክልስ እንዴት ነው? አስኩ ባለፈው ክረምት፣ መስከረም ሲጠባ ቀንበጥ እቆርጥልሃለሁ ብላኝ ነበር፤ መስከረም ላይ አልጋ ያዘች እንጂ።»

አስኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ይህ ስምሽ በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። አስካለ፣ እትዬ አስካለ፣ የምሥራቅ እናት፤ ሁሉንም አውቃለሁ። አስኩ የምትባል ሴት ግን አላውቅም ነበር። የተዘጋጁት ጥያቄዎች ሁሉ ጠፉብኝ።

«ደርቋል» አልኩት። «በቀበርናት ሳምንት ደረቀ።»

ተፈራ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። በእንባውም ቀናሁ። እኔ ሰው ፊት አላለቀስኩልሽም። ሲረጋጋ ጭራሽ እኔን ያጽናናኝ ጀመር። «ግዴለም መምህር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? የእሷ እጅ ነው ያኖረው። ‹ክዳኑን ከገጠምኩ እስኪመሽ አልነካውም፣ ሲያዩት ያፍራል፤ መስታወቱ ሲያልበውም አልጠርገውም፣ ላቡ ነው የሚያጠጣው› ትለኝ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም በእንባው መሃል ፈገግ አለ። «‹መምህር እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እየከፈቱ ያዩታል፤ በከፈቱ ቁጥር አንድ ጮጮ ይጠቁርብኛል፤ አልናገራቸውም፣ ይዩት› ትለኝ ነበር።»

ታውቂ ነበር ማለት ነው። ስትሄጂ ጠብቄ እንደምከፍተው፣ በእኔ ምክንያት ስንት ጮጮ እንደጠፋብሽ ሁሉ ታውቂ ነበር። ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ለእሱ ግን ነገርሽው። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አፈርኩም፣ ተናደድኩም፣ ወደድኩሽም። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜም አፌን አልከፈትኩም። የምፈልገውን መልስ ከአፉ ወስጄ፣ ውሸቴን ሳላነሳ፣ ተነሥቼ ወደ ቆላዬ ወረድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳኑን የምከፍተው ሲመሽ በረዶውን ለመቀየር ብቻ ነው። ቴርሞሜትሩን አወጣሁት። መወልወያ ጨርቁን ለሌላ ሥራ አዋልኩት። ጓዳ ስገባ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው፤ ሽማግሌ ሰው በገዛ ቤቱ ቅጠል እንዳያፍርበት። በሃያ ሦስተኛው ቀን የአንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ማሾ የምታህል እብጠት ታየች። ዛሬ ባቄላ ታህላለች። ክዳኗ ገና አልተላቀቀም። ከግንዱ ሥር ደግሞ አራት ቅጠል ያለው ሌላ ቀንበጥ ብቅ ብሏል፤ የራሱን ሥር አውጥቷል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ልጆች ሲዋሹኝ ምን እላቸው እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ ውሸትህ የጎዳው ማንን ነው፣ በስሙ ጥቀስልኝ እላቸው ነበር። ለራሴም ይህንኑ ጥያቄ ሰጠሁ። ተፈራን ነው ብዬ መለስኩ፤ መልሱ ግን ግማሽ ነበር። ቃል የገባሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደርቋል ስል አንቺን ቃለ አባይ አድርጌ አስቀርቻለሁ፤ ያውም ራስሽን ልትከላከዪ በማትችይበት ጊዜ። ቅናቴን ተሸክሜ መኖር እችላለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ይህን ግን አልችልም።

ዛሬ ጠዋት ከሥር የወጣውን ቀንበጥ በምላጭ ቆረጥኩት። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ነው የቆረጥኩት። እርጥብ የዛፍ ሽበት ጠቅልዬበታለሁ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይዤው እወጣለሁ። የምለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ የጸናው ይህ ነው፦ «ተፈራ፣ ደረቀ ያልኩህ ዋሽቼ ነው። ይኸው አስካለ የሰጠችህ።» ብርዱ እንዳይገድልበት ሌሊት ሌሊት ከምድጃው ጎን እንዲያሳድረው እነግረዋለሁ፤ ይህን ያህል ጂኦግራፊ አልረሳሁም። ቢቆጣኝ ልክ ነው። ይቅር ካለኝ ግን ያስቸግረኛል፤ መልካም ሰው ሆኖ መገኘቱን ለመቻል ጊዜ ያስፈልገኛል።

ባቄላ የምታህለዋን አልሰጠውም። እሷ ያለችበት ግንድ እዚሁ ይቀራል። ደግ ሆንኩ ብለሽ እንዳትደሰቺብኝ ነው የምነግርሽ፤ የእሱ ቀድሞ ጮጮ ቢያወጣ አልደሰትም።

ደግሞም አስታውስሻለሁ። እሱም እንደሚያስታውስሽ አሁን አውቄያለሁ፤ መከልከል አልችልም፣ ሞክሬ አየሁት። እሱ የሚያስታውሳት ግን ውሃ አብራው የቀዳችውን የደብረ ሲናዋን ልጅ ነው፤ እሷን ይውሰዳት። በዚህ ሙቀት ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን የማስታውሳት እኔ ነኝ። ከእሷ ለማንም ቀንበጥ ቆርጬ አልሰጥም።

ባለቤትሽ
ሸዋ ሮቢት